ብሩ ፊት የተሰቀለው ነጠላ

ኅዳር 27 ቀን 1961 ዓ.ም.

ዛሬ ፎቶ ቤታችን ትልቅ ሥራ ገባ። አቶ ስብሐት የሚባሉ፣ ከጉምሩክ በጡረታ የወጡና አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰው አንድ የእንጨት ሣጥን ታቅፈው መጡ። ሣጥኑ ውስጥ በከፈይ የተጠቀለሉ የማርትሬዛ ብሮች አሉ። ከእጅ እጅ ያልዞሩ፣ ኪስ ያልፋቃቸው፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳዩ። ሰውዬው ስለ ብሮቹ መጽሐፍ ሊያሳትሙ ነው። በባለቀለም ፎቶ ይነሡልኝ አሉ። «ብሩ ብር ይምሰል። እርሳስም አይምሰል፣ ወርቅም አይምሰል።» በአመድና በሎሚ እንዳናሻቸውም አስጠነቀቁ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። አመድ ይዤ ቆሜ ኖሯል።

ገለታ ሥራውን ተቀበለ። ገለታ የሟቹ ባለቤቴ የለሜሳ የወንድም ልጅ ነው። ለሜሳ ካረፈ ወዲህ ካሜራው በእሱ እጅ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ በእኔ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ከንፈር የማቀላ፣ የነጠላ ጥለት የማወጣ እኔ ነኝ። ከዊንጌት እስከ ሽሮ ሜዳ በየሰዉ ግድግዳ የተሰቀለው ሙሽራ ሁሉ ጉንጩን ያገኘው ከእኔ ብሩሽ ነው። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነው። ለሜሳ ራሱ ተሸክሞ እዚያ አኖረልኝ።

ሰውዬው ከወጡ በኋላ ገለታ እጁን እያሻሸ መጣ። «እትዬ፣ ይሄ ሥራ ከተሳካ የቤታችን ስም መጽሐፉ ላይ ይወጣል። ካልተሳካ ግን ባለቀለም የሚያውቅ ሰው ከፒያሳ ማምጣቴ ነው። እሱ ደግሞ መስኮቱን ይፈልገዋል።»

መስኮቱን ነው ያለው። ጠረጴዛውን አላለም፣ እኔንም አላለም። ግን ጆሮ አለኝ።

ስለዚህ ይህን ደብተር ከጎረቤቴ ከኡሙሀኒ ሱቅ ገዛሁ። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። አጠገቤ የነበሩት ልጆች ሲስቁብኝ ከርመው እኔ ሳልቀር ጨረስኩ፣ እነሱ ግን አልጨረሱም። አሁን የማየውን ሁሉ እጽፋለሁ። ኋላ ማን ምን እንደሠራ ሌላ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም።

ኅዳር 30

ገለታ ብሩን ጥቁር ከፈይ ላይ አስተኝቶ በካሜራው መስታወት ሲያይ ብሩ ጠቆረበት። ቢያዞረው ጠቆረ፣ ቢያዘነብለውም ጠቆረ። እኔ ከጠረጴዛዬ ሳልነሣ ነገሩ ገባኝ። ብር የራሱ መልክ የለውም፣ ፊቱ የቆመውን ይወስዳል። ካሜራው ጥቁር ነው፣ ገለታም ጥቁር ኮት ለብሶ ላዩ ላይ አጎንብሷል። ታዲያ ምን ይምሰል?

ነጭ አሳየው አልኩት።

«ብሩ ሰው ነው እንዴ እትዬ፣ ነጭ የሚያሳዩት?»

«ከሰው ይሻላል። ያሳዩትን አይክድም።»

ነጠላዬን አውልቄ ብሩ ፊት ለፊት ገመድ ላይ ሰቀልኩለት። ብሩ በራ። ገለታ አመሰግናለሁ አላለም፣ ኮቱን ብቻ አወለቀ። ይበቃኛል።

ታኅሣሥ 6

ባለቀለሙ ፊልም ፒያሳ ታጥቦ መጣ። የማርትሬዛ ብር ላይ አንዲት ወፍራም ሴት አለች። ጉንጯ ላይ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ተጋድሟል። የነጠላዬ ጥለት ነው።

ገለታ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሴትዮዋ ያገር ልብስ ለበሰች አለ። ሚስቱ ንግሥትም ከጓዳ ወጥታ አይታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ነጠላ አውልቄ ስሰቅል ጥለቱ የት ይገባል ብሎ ያሰበ ከመካከላቸው ማን ነበር?

ደግሞ ይህን አውቃለሁ። አቶ ስብሐት እንደነገሩን ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት ናት፣ ራሷ ላይ ያለው ሻሽ የኀዘን ነው። እንግዲህ ባል የሞተባት ሴት ናትና በቀለም አላላግጥባትም።

ታኅሣሥ 8

ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጥለት የሌለው ነጠላ አዘዝኩ። ሸማኔው ለከፈን ነው ወይ አለኝ። ለብር ነው አልኩት። እጁን ከሸማው ላይ አንሥቶ አተኩሮ አየኝ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ታኅሣሥ 12

የኡሙሀኒ ጾም ተፈታ፣ ዒድ ነው። ተምር ላከችልኝ፣ እኔ ደግሞ በጾሜ ላይ ስለሆንኩ እሱኑ በላሁ። እሷ ሱቅ ከከፈተችበት፣ እኔም ለሜሳን ካገባሁበት ዘመን ጀምሮ ጎረቤት ነን። አፏ አያርፍም፣ ልቧ ግን ደህና ነው።

አዲሱ ነጠላ ስለመጣ ለነጭ ልብስ ማጠቢያ የሚሆነውን ሰማያዊ ዱቄት ልገዛ ሄድኩ። ውሃው ውስጥ ትንሽ ሲበጠበጥ ነጩን የበለጠ ነጭ ያደርገዋል፣ ማንም ሴት ያውቀዋል። ኡሙሀኒ ጥቅሉን ሰጥታኝ፣ «አንቺ ሴት፣ ትጠጪዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። የንጹሕ ሰው ቤት ዱቄት ይጨርሳል አልኳት።

ነጠላውን አጠብኩ። ሲደርቅ ቢጫነት አለው፣ ቅቤ የነካው ይመስላል። እንደገና ነከርኩት። የዘንድሮ ዱቄት ጉልበት የለውም። በሦስተኛው ነጣ። ነጭ ማንጻት ማንም አያስተምረኝም። እናቴ እንጦጦ ሥር ካለው ምንጭ ወርዳ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ።

ታኅሣሥ 17

ሥራ በዛ። የዊንጌት ተማሪዎች ለጉርድ ፎቶ ተሰልፈዋል። ነፋሱ ከተራራው አቧራ ይዞ ይገባል። አዲሱን ነጠላ ሰቅለን ገለታ ብሮቹን አነሣ።

ባለፈው የቀባኋት ሙሽራ እናት መጣች። ልጄን ብርድ የመታት አስመሰላችኋት፣ ከንፈሯ ጠቆረ አለች። ንግሥት በለዘበ ድምፅ ይቅርታ ጠየቀቻት። ማን ጠይቂልኝ አላት? እኔ የቀባሁት ከንፈር ቀይ ነው። የዛሬ እናቶች ልጃቸው የማትመስለውን እንድትመስል ይፈልጋሉ።

ታኅሣሥ 24

ፎቶው መጣ። ገለታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና ቆመ። እንዴት ያለ ነጭ! የሴትዮዋ ሻሽ እጥፋቱ ሳይቀር ይታያል። ደስ አለኝ። አየህ፣ አልኩት።

«እትዬ፣ ሰማያዊ እኮ ነው።»

ምኑ?

«ብሩ። ሰማይ መስሏል።»

ንግሥትን ጠራት። እሷም ሰማያዊ ነው አለች። ባልና ሚስት ናቸው፣ ምን ትበል? እኔ ነጭ ነው አልኩ። አሥራ አምስት ዓመት ቀለም ቀብቻለሁ፣ ነጭና ሰማያዊ ይጠፋኛል? ይህ የፒያሳው አጣቢ ጥፋት ነው አልኩት፣ እናንተም ፎቶውን ጥላ ውስጥ ይዛችሁ ነው የምታዩት አልኩት። ገለታ ፎቶውን ፖስታው ውስጥ መልሶ ከተተ። ድሮ ይከራከረኝ ነበር።

ታኅሣሥ 26

ገለታ ፒያሳ ሄዶ ተመለሰ። አጣቢው እንዲህ አለ፣ ብሩ አጠገብ ነጭ ወረቀት አስቀምጣችሁ አንሡ፣ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ከወጣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። ይሁን አልኩ። ወረቀቱን ቆርጬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ አልፈራሁም።

ታኅሣሥ 29

ልደት። በግ ታርዷል። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ንግሥት ነጠላዬን ነካ አድርጋ «እትዬ፣ የእኔን ልስጥዎት?» አለችኝ። የአንቺ ምን አለው? አልኳት። ምንም አለች። ለምን ጠየቀችኝ?

ጥር 3

ወረቀቱ ነጭ፣ ብሩ ሰማያዊ። ሁለቱ የሚሉት ይህንን ነው። ለእኔ ነጩ ብሩ ነው፣ ወረቀቱ ያረጀ ይመስላል።

አቶ ስብሐት ፎቶውን ሊያዩ መጡ። ብሬን ብርድ ይዞታል አሉ። የሙሽራዋ እናት ያለችውን ቃል ነው የደገሙት፣ ሰው ከሰው ወሬ ሲቀባበል እንዲህ ነው። ሰውዬው ክፉ አልተናገሩም። ግን እስከ የካቲት መጀመሪያ ካልሆነ ሣጥኑን ይዤ እሄዳለሁ አሉ። ገለታ አንገቱን ደፋ።

እኔ አልደፋሁም። «ጌታዬ፣ በዕድሜ ዓይን ይከዳል፣ ሐኪም ያሳዩት» አልኳቸው።

ሰውዬው ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ።

ጥር 7

ገለታ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። በኡሙሀኒ ሱቅ ስልክ ነው። ከጥር በኋላ መምጣት ትችላለህ ወይ እያለ ነው። መስኮት አለኝ ሲል ሰማሁ።

ጠረጴዛዬን ዛሬ በዘይት ወለወልኩት። የለሜሳ መዳፍ ያረፈበት ጥግ ላይ እንጨቱ ጠቁሯል። እሱን አልነካሁትም።

ጥር 12

ትላንት ጥምቀት ነበር። ጉለሌ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወጣ። ታቦቱን ተከትለን ስንሄድ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አንዷ፣ «እኚያ እናት በዚህ ቀን ሰማያዊ ነጠላ ምን አስለበሳቸው?» አለች።

ዞሬ ሰማያዊ የለበሰች ሴት ፈለግሁ። አላየሁም።

ጥር 14

ገለታ የጠረጴዛዬን አምፖል ቀየረልኝ። አዲሱም ያው ነው። ደብተሩም መስመሩ ቀጥኗል፣ በፊት ከምገዛው ጋር አንድ አይደለም። ኡሙሀኒ ያው ነው አለች። ኡሙሀኒ የሸጠችውን ዕቃ መቼ ነቅፋ ታውቃለች?

ጥር 20

ይህን ልጻፈው ወይስ ልተወው ብዬ ከቀትር ጀምሮ አስቤአለሁ። የማየውን ሁሉ እጽፋለሁ ብያለሁ። እጽፋለሁ።

የብሩን ነጠላ እንደገና ልነክረው ዱቄት ልገዛ ሄድኩ። የለም አለችኝ። መደርደሪያው ላይ ይታያል። ያ ምንድን ነው? አልኳት።

«ለአንቺ የለም። ውባለም፣ ድሮ አንዱ ጥቅል ክረምቱን በሙሉ ያሻግርሽ ነበር። አሁን ዒድ ካለፈ ወዲህ ስንቴ መጣሽ? ቤትሽ የሚታጠበው አንድ ነጠላ ነው እንጂ የጦር ሠራዊት አይደለም።»

ጉልበት የለውማ፣ አልኳት።

እጇን ዘርግታ ነጠላውን ከክንዴ ላይ ወሰደች። ከመሳቢያዋ ያልተነካ ነጭ የራስ ሻሽ አውጥታ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የሱቋ በር ክፍት ነው፣ ፀሐይ ይገባል።

«የትኛው ነው ነጩ?»

የእኔ ነው አልኳት። የአንቺ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል።

ኡሙሀኒ ዝም አለች።

ኡሙሀኒ ዝም ብላ አታውቅም። ባሏ ሲሞት እንኳ እያለቀሰች ታወራ ነበር። ደንበኛ ገብቶ ስኳር ጠየቀ፣ ሳትሰማው ቀረች። ከዚያ ሻሹን አጥፋ በእጄ አስያዘችኝ። «ትላንት ነው ከፓኮው የወጣ» ብቻ አለችኝ።

ወደ ቤት ስመጣ የመንገዱን ሰው ሁሉ እያየሁ መጣሁ። ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን፣ ነጠላ የለበሱትን። ሁሉም ቅቤ ነክቷቸዋል። ሁሉም።

ጥር 21

ምናልባት ሱቁ ውስጥ ያለው ፀሐይ ነው።

ጥር 22

ፀሐይ አይደለም።

ጥር 24

የብሩን ነጠላ በሳሙና ብቻ አጠብኩት። ዱቄት የለም። ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ፈሰሰ አለች ንግሥት፣ እኔም ሲጠራ ንገሪኝ አልኳት። ጠራ እስክትለኝ አጠብኩት። እጄ ተላጠ።

ሲደርቅ ጓሮ ቆሜ አየሁት። ለእኔ ቢጫ ነው፣ የታመመ ሰው ዓይን የመሰለ ቢጫ። እንዲህ ያለ ጨርቅ ውጭ ማስጣት ለእናቴ ልጅ ነውር ነው።

ሰቀልኩት።

ጥር 25

ኡሙሀኒን ጠራኋት። ሁልጊዜ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ምንም አታውቅም፣ ትማር ብዬ ነው። ካሜራው ጋ አቆምኳትና መስታወቱን እዪ አልኳት።

«ሴትዮዋ ተዘቅዝቃለች» አለች።

ካሜራ ሲያይ እንዲያ ነው፣ አንቺ ቀለሙን ንገሪኝ አልኳት። አረንጓዴ ጭረት አለው አለች። ወዲያው ገባኝ። አንቺ ነሽ አልኳት፣ አረንጓዴ ሻሽሽ ነው፣ ብሩ ላይ ገብተሻል። ወደ ኋላ ሂጂ። ሄደች፣ ጠፋ። እየሳቀች ተመለሰች፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። በዚህ ዕድሜዋ ትጫወታለች።

ከዚያ አዲስ ችግር። ነጩ ብቻ ሲገባበት የሴትዮዋ ፊት ጠፋ። አፍንጫዋም ሻሿም አንድ ሆነ። ይህን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አልነገረኝም። ብርሃንና ጥላ ገና አይደብቁኝም። ብር ጥቁርም ይፈልጋል፣ ግን በልክ። ከድሮ የኀዘን ቀሚሴ አንድ ቀጭን ጥቁር ጨርቅ ቀድጄ ከነጠላው ጎን ሰቀልኩ። ሻሿ እጥፋቱ ወጣ፣ ጉንጯ ተነሣ። ገለታ ከካሜራው ቀና አላለም። «ኧረ እትዬ» አለ። ለሜሳም ሥራ ሲያምርለት ከዚህ በላይ አይናገርም ነበር።

አሁንስ? አልኩ። ኡሙሀኒ ሻሿን አውልቃ ከኋላዋ ደብቃ፣ በተራቆተ ራሷ አጎንብሳ አየች።

«ብር ነው» አለች።

ምን ዓይነት ብር?

«እናቴ አንገት ላይ የነበረው።»

አንሣ አልኩት ገለታን።

ጥር 29

ፊልሙ ፒያሳ ነው። ምግብ አይበላልኝም። ከንፈር የሚቀባ ሁለት ፎቶ ይቀረኛል። አልነካሁትም፣ ንግሥትን ሞክሪው አልኳት። ብሩሹን እንደ መርፌ ያዘችው። እንደ ላባ ያዢው አልኳት።

የካቲት 5

አቶ ስብሐት መጡ። ገለታ ፎቶውን ሰጣቸው። ሰውዬው ከኪሳቸው አንድ ብር አውጥተው ከፎቶው ጎን አኖሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ደግመው አደረጉ። ወደ በሩ ይዘውት ወጡ፣ እኛም ተከተልን። ከመንገዱ ማዶ ሣር መሸጫው ጋ የቆሙት ሁሉ ያዩናል።

«ይሄን ድንጋይ ላይ ብጥለው ይጮሃል» አሉ። ፎቶውን ማለታቸው ነው፣ እውነተኛ ብር ድንጋይ ላይ ሲጣል በድምፁ ይለያልና።

ከዚያ ማን ነው ቀለሙን ያየው ብለው ጠየቁ። ገለታ እኔን አየ። ንግሥትም አየችኝ። ኡሙሀኒ ከሱቋ በር ላይ ቆማ እጇን አጣምራለች። ሁሉም እኔ እስክናገር ይጠብቃሉ።

«ነጠላው የእኔ ነው» አልኳቸው።

አቶ ስብሐት ቆባቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡኝ። ቆብ ያነሣልኝ ሰው በዕድሜዬ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። የዚያን ቀን ዓይንዎን ሐኪም ያሳዩ ያልኳቸውን አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

የካቲት 8

ገለታ የፒያሳውን ሰው እንዳይመጣ ነገረው። ይህንንም በኡሙሀኒ ስልክ ነው የተናገረው፣ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ከዚያ መጣና ጠረጴዛዎ ካለበት አይነቃነቅም አለኝ።

ከመስኮቱ አንሣው አልኩት።

አልገባውም። ደጋግሞ ጠየቀኝ። አቶ ስብሐት ሌላ ሣጥን ያመጣሉ፣ ብር መስኮት ይፈልጋል፣ ነጠላዬ እዚያ ይሰቀላል፣ ካሁን ወዲያ ብር የማለብሰው እኔ ነኝ፣ ከንፈር መቀባት ሰልችቶኛል አልኩት። ብሩሾቹን ለንግሥት ሰጠኋት። እጇ ደህና ነው። አልነገርኳትም፣ ትንሽ ቆይታ ትስማው።

ጠረጴዛውን ከግድግዳው ሥር አደረግነው። የለሜሳ መዳፍ ያለበት ጥግ ወደ ብርሃን ይዙር አልኩት። አዞረው። ትንሽ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ዓይን ሐኪም ቤት አብረን ብንሄድስ?» አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ፣ ጉልበቴን ላሳይ፣ አልኩት።

«እሺ፣ ለጉልበትዎ» አለ። የለሜሳ የወንድም ልጅነቱ የዛሬን ያህል ታይቶኝ አያውቅም።

የካቲት 16

ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት፣ እሑድም ነው። እንጦጦ ለመውጣት በማለዳ ተነሣሁ። ጥለት የሌለውን ነጠላ ለበስኩ፣ ብሩ ፊት የተሰቀለውን። ሸማኔው ለከፈን ነው ያለውን። ለከፈንም ይሆናል አንድ ቀን፣ ዛሬ ግን ተራራ እወጣበታለሁ።

ጓሮ አውጥቼ አየሁት። ቅቤ የነካው ነው። ወደ ማጠቢያው ሳህን እጄ ሄደ። መለስኩት።

ኡሙሀኒ ሱቋን እየከፈተች ነበር። ፊቷ ቆምኩና ክንዴን ዘረጋሁ። ምን እንደምጠይቃት አወቀች። አላሾፈችም። የነጠላውን ጫፍ ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችው፣ እንደ ጨርቅ ነጋዴ በጣቷ አሸችው፣ ትከሻዬ ላይ መልሳ አስተካከለችልኝ።

«ነጭ ነው» አለች።

ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሞልቷል። መካከላቸው ገብቼ ቆምኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም።

ነጭ ነው። ጽፌዋለሁ።